ያልተጠራው ምርጫ፦ በአሰላና በአርሲ ደጋ የቀበሌው ወንበር የማን ነው?

ሰኞ ማለዳ አሰላ ላይ ብርዱ ቶሎ አይለቅም። ጭላሎ አናቱን በጉም እንደተከናነበ ነው። ከአዳማ የተነሱት ሚኒባሶች መናኸሪያ ሲገቡ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው አስፋልቱን ይሻማሉ። በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጅ በሩ ሳይከፈት ሰው ተሰልፏል። ጋቢ የደረቡ አዛውንት መታወቂያ ሊያሳድሱ መጥተዋል። ልጅ ያዘለች እናት የልደት ምስክር ወረቀት ትፈልጋለች። ማመልከቻውን በላስቲክ የጠቀለለው ወጣት ከሥራ አጥ ማኅበር ለመደራጀት የነዋሪነት ደብዳቤ ካላገኘ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። በአጥር ወሰን የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ዘወር ዘወር ብለው ቆመዋል። በሩ ሲከፈት ብዙዎቹ የሚሰሙት መልስ የለመዱት ነው፦ «ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሄደዋል፤ ከሰዓት ብቅ ይበሉ አባባ።»

ከከተማው ወጣ ሲሉ፣ በጢዮም ሆነ በሂጦሳ፣ በዲገሉና ጢጆም ሆነ በሌሙና ቢልቢሎ፣ ጉዳዩ ይለያያል እንጂ ደጁ ያው ነው። ስንዴና ገብስ የሚዘራው ገበሬ ማዳበሪያ የሚደርሰው ስሙ በቀበሌው ዝርዝር ሲገባ ነው። የመሬት ይዞታ ክርክር መጀመሪያ የሚታየው በቀበሌ ነው። የሚሊሻው ጥበቃ፣ የመንገድ ሥራው መዋጮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤት ለቤት ጉብኝት ሁሉ በዚያው በኩል ያልፋል። ለአብዛኛው የአርሲ ሰው መንግሥት ማለት አዲስ አበባ ያለው ሕንፃ ሳይሆን ይህ ደጅ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ከደጁ በስተጀርባ ያለውን ወንበር ለተቀመጠበት ሰው የሰጠው ማን ነው? በሕጉ መልሱ አያሻማም። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጠው ነዋሪው ነው፤ የሥልጣን ዘመናቸውም አምስት ዓመት ነው። በተግባር ግን በኢትዮጵያ የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ስድስት ዓመት የሞላው የአሰላ ልጅ በ2017 ለመራጭነት ዕድሜ ደርሷል። ለቀበሌው ተወካይ ድምፅ የመስጠት ዕድል ግን አላገኘም።

አገር አቀፍ ምርጫ ሲመጣ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ይሞላል። የአካባቢው ምርጫ ግን ሲደረግም ሲቀርም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ ዋጋ አስከፍሎናል። ከነዋሪው ደጅ የቅርቡ ድምፅ ሲጠፋ ሌላው ድምፅ ሁሉ መሠረቱ ይላላል።

ወንበሩ የያዘው ሥልጣን

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የአርሲ ዞን መቀመጫ ናት። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በከተማዋ 67 ሺህ ያህል፣ በዞኑ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መዝግቦ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አያጠራጥርም።

በኦሮሚያ ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። የዞኑ አስተዳደር የክልሉ መንግሥት ክንድ ነው፤ አስተዳዳሪውም ከላይ ይሾማል። ስለዚህ በክልሉ ምክር ቤት (ጨፌ) እና በአንድ የአርሲ ገበሬ መካከል ሕዝብ ሊመርጣቸው የሚገቡት ምክር ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የወረዳው ወይም የከተማው፣ እና የቀበሌው። እነዚህ ሁለቱ ካልተመረጡ ከጨፌ በታች በሕዝብ ድምፅ የቆመ አካል አይኖርም።

የወረዳ ምክር ቤት የወረዳውን አስተዳዳሪ ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ በጀት ያጸድቃል፤ የልማት ዕቅድ ይወስናል፤ አስፈጻሚውን ጠርቶ ይጠይቃል። ከ1994 እና 1995 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጣቸውን በጀት ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደርጓል። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ የውኃ ጉድጓዱ በወረዳው እጅ ገቡ። እርግጥ ከዚያ በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ግን የተረፈችው ገንዘብ ለሳጉሬ የገጠር መንገድ ትዋል ወይስ ለትምህርት ቤት ወንበር የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው በዚሁ ምክር ቤት አዳራሽ ነው።

ሕገ መንግሥቱም ይህን አስቦበት ነበር። በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። ሥልጣኑ ወርዷል። የሚያንሰው ሥልጣኑን የያዘው ሰው ለመራጩ የሚመልስበት መንገድ ነው።

ከጭሰኝነት እስከ ማኅበር

አርሲ የአካባቢ ሥልጣንን ጣዕምም ምሬትም ቀድሞ ያወቀ አገር ነው። ከየካቲት 1966ቱ አብዮት በፊት ከጭላሎ አውራጃ ገበሬ ብዙው ጭሰኛ ነበር። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፤ ምርትም አደገ። መሬቱ ግን የጭሰኛው አልነበረም። ስንዴው ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ለገበሬው የታሰበው ልማት ገበሬውን ከመሬቱ አስነሳው፤ ምክንያቱም በመሬቱ ጉዳይ የሚወስነው አካል ውስጥ ጭሰኛው ድምፅ አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ ሁኔታው ባንዴ ተገለበጠ። አዋጁ ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር በሚሆን ስፋት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውንም መሬት በ10 ሄክታር ወሰነ። በዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ማኅበራቱን በማደራጀት ተሳተፉ። ትናንት እህሉን ለባለመሬት የሚሰፍር ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ ሊቀመንበሩን ሲመርጥ፣ መሬት የሚደለድል ኮሚቴ ሲያቆም፣ የዘመናት ሥርዓት በዚያ ስብሰባ ተቋጨ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ በአሰላና በሌሎች ከተሞች የነዋሪዎች ማኅበራትን ፈጠረ። ቀበሌ የምንለው ተቋም የተወለደው ያኔ ነው።

ግን ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ የገበሬው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት እጅ ሆነ። በ1970ዎቹ የእህል ኮታ የሚሰበስበው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምለው፣ በ1978 አርሲ በመንደር ምስረታ ሲታመስ ቤት የሚያስፈርሰው ያው ሊቀመንበር ነበር። በገበሬው የተመረጠ ሰው በገበሬው ላይ ተመልሶ መጣ። ማን መረጠው የሚለው ጥያቄ ብቻ እንደማይበቃ ያኔ ታየ። ማን ሊያወርደው ይችላል የሚለውም እኩል ይመዝናል።

ሰኔ 14

ደርግ ከወደቀ በኋላ በጥር 1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ብሔራዊና ክልላዊ የሽግግር አስተዳደሮችን መሠረተ። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ተካሄደ። ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ራሱን አገለለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በኦሮሚያ አብዛኛውን ወንበር የኢሕአዴግ አባል የሆነው ኦሕዴድ ያዘ። አገሪቱ ከብዙ ዘመን በኋላ የአካባቢ ተወካዮቿን በድምፅ የምትመርጥበት ዕድል ተፎካካሪ ባልነበረበት ውድድር አለፈ።

ከ29 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዕለት፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ በኦሮሚያ የታየው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስና ኦነግ አልተወዳደሩም። በክልሉ በርካታ የምርጫ ክልሎች የብልፅግና ፓርቲ ያለ ጠንካራ ተፎካካሪ ቀረበ። የቀበሌና የወረዳ ወንበሮች ደግሞ ጭራሽ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበሩም።

3.6 ሚሊዮን ወንበር

በ1984ቱና በ2013ቱ ሰኔ 14 መካከል ያለው ታሪክ የሚያስተምረው ብዙ ነው። በ1993 ዓ.ም. የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ተካሄደ፤ በዚያ ጊዜ የቀበሌ ምክር ቤት 15 ያህል አባላት ነበሩት። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ ተቃዋሚዎች ብዙ ወንበር ካገኙና በውጤቱ ውዝግብም ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ኢሕአዴግ ትኩረቱን ወደ ታች አወረደ። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 100፣ ከዚያም አልፎ እስከ 300 አደገ። ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም. በሁለት ዙር በተደረገው የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው ወንበር 3.6 ሚሊዮን ያህል ነበር። በጊዜው የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ይጠጋ ስለነበር ከ20 ሰው አንዱ የምክር ቤት አባል እንዲሆን ተፈለገ ማለት ነው።

ቁጥሩ ሲታይ ተሳትፎ ይመስላል፤ ብዙ ሰው፣ በተለይም ብዙ ሴት፣ የምክር ቤት አባል መሆኑም በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ለአንድ ቀበሌ 300 ዕጩ ማቅረብ የሚችለው በየጎጡ መዋቅር የዘረጋ ፓርቲ ብቻ ነው። የግል ዕጩውም ትንሹ ፓርቲም ከጅምሩ ከሜዳው ወጣ። መራጩ የሚያውቀውን አንድ ጎረቤቱን ከሌላው አወዳድሮ መምረጥ ቀርቶ ረጅም የስም ዝርዝር ተቀብሎ የሚያጸድቅ ሆነ። የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ሕብረት ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተከልክለዋል ብሎ በምርጫው ዋዜማ ወጣ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉንም ወንበር ወሰዱ።

በኦሮሚያ ይህ መዋቅር ከቀበሌም በታች ይወርድ ነበር። ቀበሌው በጎጥ፣ ጎጡ ደግሞ ሠላሳ ያህል አባወራ በሚይዝ ጋሬ ይከፋፈል ነበር። በኋላም አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት ተጨመረበት። ለልማት ሥራና ለጤና ትምህርት የጠቀመበት ጊዜ አለ። ግን ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ለበላይ ሪፖርት የሚያደርግበት መስመርም ይኸው ነበር። በዚህ ዓይነት ቀበሌ ከገዢው ፓርቲ ሌላ ዕጩ ሆኖ መቅረብ ማለት የማዳበሪያ ዝርዝር የሚያዘጋጀውን፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈውን፣ መሬት የሚለካውን ሰው መገዳደር ነበር። ብዙው ሰው ልጆቹን አስቦ ዝም አለ። ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በተካሄደው ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ምኅዳሩ ጠቧል ብለው አልተሳተፉም። ውጤቱ ከመነገሩ በፊት የታወቀ ነበር። የአሰላ ቀበሌዎችም የአርሲ ወረዳዎችም ለገዢው ፓርቲ ሆኑ።

ውጤት ሲነገር ማን ይሰማል?

የምርጫ ውጤት ማለት አሸናፊውን ማሳወቅ ብቻ አይደለም። ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም የሚላክ መልእክት ነው። መልእክቱ ዋጋ የሚኖረው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችል ከነበረ ነው።

በእንግሊዝ አገር የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ ድምፁ የሚቆጠረው በስፖርት አዳራሽ ወይም በማዘጋጃ ቤት፣ ዕጩዎቹ ቆመው እያዩ ነው። የምርጫ ኃላፊው በየምርጫ ቀጣናው እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘውን ድምፅ በቁጥር ያነብባል፤ ዋጋ ያጣውን ወረቀት ሳይቀር። ድምፅ እኩል ሲሆን በዕጣ ይለያል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በኖርዘምበርላንድ፣ ሳውዝ ብላይዝ በተባለው ቀጣና ሁለት ዕጩዎች እኩል ወጥተው የጭድ ዕጣ አወጡ። ዕጣው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲን ዕጩ አላወጣም፤ ፓርቲውም 67 ወንበር ባለው ምክር ቤት 33 ላይ ቆሞ አብላጫውን በአንድ አጣ። አንድ ሰው ተጨምሮ ከቤቱ ወጥቶ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ የምክር ቤቱ ነገር ሌላ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2023 ደግሞ በ230 ምክር ቤቶች በተደረገው ምርጫ አገሪቱን ይገዛ የነበረው ያው ፓርቲ ከ1,000 በላይ ወንበር አጣ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ከጠቅላላ ምርጫው በፊት የደረሰ ማስጠንቀቂያ ነበር። ጎዳናም አልተዘጋም፤ ጽሕፈት ቤትም አልተቃጠለም።

ምሳሌው ከሩቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በ47 ካውንቲዎች ውስጥ በ1,450 ቀጣናዎች የአካባቢ ተወካዮችን ትመርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2022ም ደግማ መርጣለች። በአገር አቀፍ ደረጃ ደም ያፋሰሰ ውዝግብ ባለባት አገር እንኳ የቀጣናው ተወካይ በየአምስት ዓመቱ መራጩ ፊት መቅረቡ አልቀረም። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2021 በተካሄደው የማዘጋጃ ቤቶች ምርጫ አፓርታይድን የታገለው ኤኤንሲ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ድምር ከግማሽ በታች ወረደ። ውኃና መብራት ያጣ ሰው ቅሬታውን በወረቀት ተናገረ፤ ፓርቲውም ሰማ።

በአርሲ ግን ገዢው ፓርቲ በ2000 እና በ2005 ያገኘው ውጤት ስለ ነዋሪው ምንም አልነገረውም። ሁሉም ወንበር የአንድ ወገን ሲሆን የትኛው ቀበሌ ተማርሯል፣ የትኛው ወረዳ አስተዳዳሪ ተጠልቷል የሚለው አይታወቅም። ገዢውን ያስደሰተው ቁጥር የገዢውን ጆሮ ደፈነው።

ዘመኑ ያለፈበት ሥልጣን

ከ2005ቱ ምርጫ ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ሲፈነዳ አርሲና ምዕራብ አርሲ ከተናወጡት አካባቢዎች መካከል ነበሩ። ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን አጡ። በበርካታ ቦታዎች የተቆጣው ሕዝብ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቀበሌና ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በድምፅ «ተመረጡ» የተባሉ ሰዎች ቢሮ መቃጠሉ በምርጫው ያልተነገረውን ነገረን። በድምፅ መስጫ ሳጥን ያልወጣ ቁጣ በሌላ በር ወጣ፤ በዚያም በር ሲወጣ የሞተው ሰው የጥፋተኛም የንጹሕም ልጅ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫው ጊዜ ሲደርስ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአካባቢ ምክር ቤቶቹን የሥልጣን ዘመን አራዘመ። አገሪቱ በለውጥ ማዕበል ላይ ስለነበረች ብዙ ሰው ተቀበለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 የአካባቢ ምርጫን ከምርጫ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ደነገገ። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊካሄድ የነበረው ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ተላለፈ፤ በ2013 ሲካሄድም የአካባቢው ምርጫ አብሮ አልመጣም። የሰሜኑ ጦርነት፣ የጸጥታው ነገር፣ የበጀቱ ነገር ተደራረበ። ለአምስት ዓመት የተመረጠ ምክር ቤት 2017 ሲያልቅ 12 ዓመት ሞላው።

በ12 ዓመት ውስጥ ከምክር ቤቱ አባል አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ አካባቢውን ለቋል፣ አንዳንዱ ሥራ ቀይሯል። በብዙ ቀበሌ ወንበሩ የሚሞላው በወረዳ ምደባ ነው። ከታች ወደ ላይ ይሄድ የነበረው ተጠያቂነት ከላይ ወደ ታች ዞረ። ሊቀመንበሩ የሚያስፈራው የወረዳው ግምገማ እንጂ የሰፈሩ ሰው ፍርድ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የሚያድገው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። ሹመቱ ከላይ የመጣ ሰው መች እንደሚወርድ አያውቅምና ዛሬን ይሻማል። በመራጭ የተቀመጠ ግን ነገም ያን መራጭ ቀና ብሎ ማየት አለበት።

ይህ በሰላም ጊዜ እንኳ ከባድ ነው። በኅዳር 2016 በሽርካ ወረዳ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የተፈጸመው ግድያ እንዳሳየን በአርሲ የመኖር መብት የሚለምን ሰው አለ። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚሊሻውን አዛዥና የቀበሌውን ሹም ማን እንደሾመው፣ ሌሊት ጥሪ ሲደርሰው ለማን እንደሚመልስ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። የተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት ያለው ሰው አብሮ በሚኖርበት ወረዳ ሁሉም ወገን በምክር ቤቱ የሚያየው ሰው ሲኖረው ቅሬታው ወሬ ሆኖ ከመሰራጨቱ በፊት አጀንዳ ሆኖ ይቀርባል። የጸጥታው ችግር ምርጫውን ያዘገየዋል የሚለው ክርክር እውነት አለው። ግን ያልተመረጠ አስተዳደር ራሱ ከጸጥታው ችግር ምንጮች አንዱ መሆኑም መታየት አለበት።

ስምንት ዓመት ሲሞላ

የአርሲ ሰው በዘመን የተወሰነ ሥልጣንን ከማንም አልተማረም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ባለተራው ሥልጣኑን ሲረከብ የነበረው ወርዶ በአማካሪነት ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህ ሥርዓት ዋና ምሥጢሩ ከዘመን አለማለፍ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ስንቄ አለ። መብታቸው ሲነካ ሴቶች በጋብቻ ዕለት የተሰጣቸውን ዘንግ ይዘው በጋራ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ዳኝተው ካሳ ካላስቆረጡ አይመለሱም። ሥልጣን በሌለው ወገን እጅ ያለ የቁጥጥር መሣሪያ ነው። የከተማው ዕድርም ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን መርጦ በጠቅላላ ጉባኤ ሒሳብ ይጠይቃል።

እነዚህ ሁሉ ለአንድ ክርክር መልስ ይሰጣሉ። «ሕዝባችን ለአካባቢ ምርጫ ገና አልደረሰም» የሚል ሰው አሁንም ይሰማል። ስንቄዋን ይዛ የወጣች እናትና በዕድር ጉባኤ «ሒሳቡ ይነበብ» ብሎ የሚነሳ አባት ያሉበት ሕዝብ ምርጫን የሚማርበት ጊዜ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ድምፁ የሚቆጠርበት ቦታ ነው።

ምን መሆን አለበት?

የመጀመሪያው ነገር ቀን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ፣ የክልሉ ጨፌና የፌዴራሉ ምክር ቤት ተነጋግረው የአካባቢ ምርጫውን የጊዜ ሰሌዳ ለሕዝብ ማሳወቅ ይችላሉ። ጸጥታ ባልሰፈነበት ወረዳ ቢዘገይ፣ እንደ አሰላ፣ በቆጂ፣ ኢተያና ሁሩታ ባሉ ከተሞች ቀድሞ መጀመር ይቻላል። ያለ ቀን የሚዘገይ ምርጫ ከተሰረዘ ምርጫ በምንም አይለይም።

ሁለተኛው የወንበሩ ብዛት ነው። 300 አባል ያለው የቀበሌ ምክር ቤት ተሰብስቦ በጀት ሊመረምር አይችልም፤ ሌላ ፓርቲም ዕጩ ሊያሟላለት አይችልም። ጥቂት ወንበር፣ በጎጥ የተከፋፈለ፣ የግል ዕጩም የሚገባበት ቢሆን መራጩ ሁለት የሚያውቃቸውን ሰዎች አወዳድሮ ይመርጣል። መምህሩ ከነጋዴው፣ የልማት ሠራተኛዋ ከዕድር ዳኛው ጋር መወዳደር መቻል አለባቸው።

ሦስተኛው ዕጩው ከቀበሌው ቁጣ የሚጠበቅበት ዋስትና ነው። ማዳበሪያ፣ መታወቂያ፣ የይዞታ ደብተርና የዕርዳታ ዝርዝር ከፓርቲ አባልነት ጋር እንዳይያያዙ፣ ዕጩ በመሆኑ አገልግሎት የተከለከለ ሰው አቤቱታው በቀናት ውስጥ የሚታይበት መንገድ ካልተበጀ ተወዳዳሪ አይገኝም።

አራተኛው ውጤቱ የሚነገርበት መንገድ ነው። ድምፅ በየጣቢያው ተቆጥሮ ቁጥሩ በዚያው በር ላይ መለጠፉ በ2013ቱ ምርጫ የታየ ልምድ ነው። የቀበሌው ምርጫም እንዲሁ መሆን አለበት፦ እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘው ድምፅ በጎጥ ተለይቶ፣ ነዋሪው ሁሉ በሚያነብበው ቋንቋ። በ40 ድምፅ ያሸነፈ ሊቀመንበር በ40 ድምፅ እንደሚወርድ ሲያውቅ ደጁ ላይ ለሚሰለፈው ሰው ያለው አያያዝ ይለወጣል።

በመጨረሻም ምክር ቤቱ ከተመረጠ በኋላ ስብሰባው ለነዋሪው ክፍት ይሁን፤ የወረዳው በጀት በየዓመቱ በአደባባይ ይነበብ። በአርሲ ገበሬው ከ1967 ጀምሮ የራሱን ሹም የመምረጥ ተስፋ ተሰጥቶታል። ተስፋው ግን በአንድ ሥርዓት በኮታና በምልመላ፣ በሌላው በረጅም የስም ዝርዝር፣ በሦስተኛው በመዘግየት ተወስዶበታል። ሦስቱንም የሚፈውሰው አንድ ነገር ነው፦ በመራጩ እጅ ያለ፣ ሊያወርድ የሚችል ድምፅ። የአገሪቱን ሰላም ከላይ ወደ ታች ለመሥራት ብዙ ዓመት ሞክረናል። ከቀበሌው ደጅ ወደ ላይ የሚሠራበት ጊዜ ደርሷል፤ መጀመሪያውም ለአርሲ ሰው የምርጫ ቀኑን መንገር ነው።